ውሻው የሚምሰው ጓሮ

በቅሎይቱ ጌታዋን ጥላ ብቻዋን ቆሰበር ከተማ ገባች። ዓርብ ረፋድ ላይ ልጓሟን መሬት ለመሬት እየጎተተች መጥታ የሐጂ ዓብዱልሀሚድ ሱቅ በር ላይ ተገተረች። ኮርቻዋ ላይ ደም ደርቋል። ከኮርቻው ኋላ ታስሮ የነበረው አቡጀዲ የለም። አቡጀዲውን ይዞ ረቡዕ ወደ ዘንገና የወጣው የሐጂው የወንድም ልጅ ሙሐመድሰዒድም የለም።

ሐጂው ደሙን በጣታቸው ነኩና «ያ አላህ!» አሉ። ሱቁን ለሚስታቸው ለመሪማ ጥለው፣ ጥምጥማቸው እየተፈታ፣ ፖሊስ ጣቢያ ደረሱ።

የጣቢያው መርማሪ መቶ አለቃ አስማረ ይባላል። ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የሚሄድ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። ይኸው መተማመኑ አለቆቹን እያስቀየመ ሌቦችን ያስለቅሳል። ሐጂውን ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«ሬሳ አይተዋል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ለቅሶውን ለጊዜው ይያዙልኝ ሐጂ። ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

ተጣልቶስ ነበር። አዲስ ቅዳም ገበያ ላይ አንድ ከሰል ነጋዴ ይህችኑ በቅሎ «የእኔ ናት» ብሎ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል። መቶ አለቃው ያን ነጋዴ ለማግኘት ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ለፋ። ሲያገኘው ግን ሰውዬው የታናሽ ወንድሙ ሚዜ ሆኖ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከሙሽራው ጎን ተሰይሟል። ሰርገኛው ሁሉ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያው እንደነበር መሰከረለት። በጥር ሚዜ የሆነ ሰው ለሽንት እንኳ ብቻውን አይወጣም፤ እንኳንስ ዘንገና ወርዶ ሰው ሊገድል! መቶ አለቃው አንድ ብርሌ ጠጅ በግድ ተጎንጭቶ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት የሻረግ የምትባል የዘንገና ሴት ጣቢያው ድረስ መጣች። የገበሬው የእንየው ሚስት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንሽ ካንገራገረች በኋላ ነገሩን ዘረገፈችው።

«ልጁ ረቡዕ የመሸበት እኛ ሰፈር ነው፤ ያደረውም ጎረቤታችን ሀብቱ ቤት ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ እኔ አጥሩ ሥር ጎመን እቀነጥሳለሁ። እሜቴ በቀለች፣ የሀብቱ እናት፣ ለልጃቸው ሲነግሩት ሰማሁ። ‹እንግዳ ልጁን ጓሮ ቀብሬዋለሁ፤ ውሻው እንዳያወጣው ድንጋይ ጫንበት› አሉት። በእመቤቴ ይዤዎታለሁ ጌታዬ፣ በዚህ በጆሮዬ!»

«በአማርኛ ነው ያሉት?»

«እሜቴ የዳሞት ሰው ናቸዋ! እኛ በአገውኛ ስናወራ ይሰሙናል እንጂ አፋቸው አይፈታም። ከልጃቸው ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነው።»

«ሌላስ ምን አየሽ?»

«ያንኑ ቀን ደም የነካው ቁርበት አጥበው አጥር ላይ አሰጡ። የሀብቱ ሚስት አምሳለ ከቤት ከወጣች ሰነበተች፤ አሟታል ይላሉ። ውሻቸው ደግሞ ያችኑ አንዲት ቦታ ይምሳል። ሲያባርሩት ይሄዳል፣ ዞር ሲሉ ይመለሳል። እኔስ እንቅልፍ አጣሁ!»

ከጎኑ የቆመው ሃምሳ አለቃ አበረ ጣልቃ ገባ። «ይኸ አለቀለት፣ ጌታዬ» አለ።

«ለአንተ አልቆለት ይሆናል» አለ መቶ አለቃው፣ ቆቡን እያነሳ። «ዶማ አስይዝ።»

የሀብቱ ግቢ ሲደርሱ አገሩ ሁሉ ቀድሟቸው ተሰብስቧል። ወሬ እግር አያስፈልገውም። ሐጂ ዓብዱልሀሚድም ያችኑ በቅሎ ጭነው መጥተዋል። ሀብቱ ወንድ የሚያህል ወንድ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ቃሉ ጥቂት። ፊቱ ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው።

ጓሮው የጦር ሜዳ ይመስላል። በጓዳው ግድግዳ ሥር ባለች አንዲት ቦታ ላይ የቀጋ እሾህ ተከምሯል። በእሾኹ ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ አመድ፣ በአመዱ ላይ ሚጥሚጣ ተነስንሷል። ይታያል የሚባለው ቡላ ውሻ የተበጠሰ ገመድ አንገቱ ላይ እያንዘላዘለ፣ በሚጥሚጣው ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ ከዳር ሆኖ ክምሩን ይመለከታል። ያስነጥሳል፤ ጥቂት ይጠጋል፤ እንደገና ያስነጥሳል።

«ይኼ ሁሉ ለአንድ ውሻ ነው?» አለ መቶ አለቃው።

«ጓሮውን ማሰብኝ» አለ ሀብቱ።

«ጓሮው ሰፊ ነው። ያጠርኸው ግን ይቺን ብቻ ነው።»

ሀብቱ የተንሸራተተ ድንጋይ አንስቶ ወደ ክምሩ መለሰ።

«እንግዳው እዚህ አድሯል?»

«በሩ አጠገብ ባለው ጎጆ አድሯል። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ በቅሎውን ጭኖ ወጣ።»

«ሲወጣ ማን አየው?»

«እኔ። ከበር ላይ ሆኜ።»

«አልሸኘኸውም?»

የሀብቱ ዓይን ወደ ጓዳው ሄዶ ተመለሰ። «ሥራ ነበረብኝ።»

ከሕዝቡ መካከል የየሻረግ ባል እንየው ድምፁን ከፍ አደረገ። መንሹን እንደያዘ ከአውድማ የመጣ ቀልጣፋ ሰው ነው። «ይቆፈር እንጂ! ምን ያነጋግራል? እኔ ሐሙስ ከአጥሬ ንቅንቅ አላልሁም፤ ከዚህ ቤት ማንም ሲወጣ አላየሁም!»

«ይቆፈር! ይቆፈር!» አለ ሕዝቡ።

አበረ ዶማውን አነሳ። ይኸን ጊዜ ሀብቱ ክምሩ ላይ ቆመ። ቀጋው እግሩን ሲወጋው እንኳ አልተሰማውም። «እኔን አስረው ይውሰዱኝ ጌታዬ። ከፈለጉ ይስቀሉኝ። መሬቱን ግን አይንኩት።»

«ገዳይ!» አሉ ሐጂው። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «እንጀራህን የበላ እንግዳ! ቤትህ ይፍረስ፣ ዘርህ አይብቀል!»

ሀብቱን ከዱላ ይልቅ ይህ እርግማን መታው። ዓይኑ እንደገና ወደ ጓዳው ሲሮጥ መቶ አለቃው አየ። አንድም ነገር ያየ ሰው መሆኑን በፊቱ ሳያሳውቅ፣ ጎንበስ ብሎ ውሻው ከእሾኹ ዳር የማሰውን አፈር መረመረ። ውሻ አሽትቶ ሲምስ የሬሳውን ልክ ይከተላል። ይታያል የጫረው ስፍራ ግን ወንፊት አያህልም። ሰው፣ ያውም እንደ ሙሐመድሰዒድ ያለ ረጅም ጎረምሳ፣ በወንፊት ልክ አይቀበርም።

«አቁም አበረ» አለ። «መጀመሪያ ቤቱን አያለሁ።»

በሩን ሲያልፍ ሽታው ተቀበለው፤ የገንፎና የተልባ ሽታ ነው፣ ከተነጠረ ቅቤ ጋር። የጓዳው በር በአንሶላ ተጋርዷል፤ ከአንሶላው ሥር፣ ደፉ ላይ፣ ማጭድ ተጋድሟል። እሜቴ በቀለች ከማጭዱ ወዲህ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እኒህ አሮጊት ቢገፏቸው የሚወድቁ ይመስላሉ፤ ግን የሚገፋቸው አልተፈጠረም።

«አታልፍም!»

መቶ አለቃው ቆቡን አወለቀ። «እናቴ፣ አላልፍም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በሽተኛ የሚበላው አጥሚት ነው። ገንፎው ለማን ነው?»

አሮጊቷ ማጭዱን በእግራቸው ወደ አንሶላው ገፋ አደረጉት።

«እኔ የአራት ልጆች አባት ነኝ» አለ ዝግ ብሎ። «ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። ብረት ደፍ ላይ የሚጋደመው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ልጅዎን ሊሰቅሉብዎ ነው። ይንገሩኝ።»

«ማል!»

«በልጆቼ።»

እሜቴ በቀለች ጆሮው ሥር ተጠጉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አላበሱትም።

«ሾተላይ ነው፣ ልጄ። አምሳለ የወለደችውን ሁሉ ቀበርን። አንዱም ለክርስትና አልደረሰልን። ‹የዚህን ጊዜ ሰው አይወቀው፣ ዓይን አይየው› አልሁ። ሆዷን በጋቢ ሸፍነን ከረምን። ረቡዕ ማታ ምጥ ያዛት። በዚያው ቀን እንግዳ መጣ! መሽቶበት መጥቶ ሂድ አይባል። ምጧን ጥርሷን ነክሳ ቻለችው፤ እልል ሳንል ተቀበልነው። ወንድ ነው። እንግዴ ልጁን እኔው በእጄ ጓሮ ቀበርሁት። እንግዳው ሳይነሳብኝ ብዬ ተቻኩዬ ጥልቅ አላደረግሁትም። ያ የተረገመ ውሻ ሸተተው። ውሻ ከበላው ልጁ አይተርፍም! አየር ካየውም አይተርፍም! ሀብቱን በማኅተቡ አስምየዋለሁ፤ ክርስትና ሳይነሳ ትንፍሽ አይልም፤ ቢገድሉትም አይልም።»

ከአንሶላው ወዲያ አንድ ነገር እንደ ድመት ግልገል አስነጠሰ። «ይማርህ» አለች አንዲት ደካማ ድምፅ።

መቶ አለቃው ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ። እንግዴ ልጅ! እናትየዋ «እንግዴ ልጁን» ብለዋል፤ አፏን በአገውኛ የፈታችው የሻረግ ደግሞ «እንግዳ ልጁን» ሰምታለች። አማርኛውን ከገበያ የለመደ ሰው «እንግዳ»ን ያውቃል፤ «እንግዴ ልጅ» ግን ገበያ ላይ አይነገርም፤ የአራስ ቤት ቃል ነው፣ የአራስ ቤቱን ቃል ደግሞ እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚማረው። በዴና በዳ መካከል አንድ ሰው ሊሰቀል!

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ለሕዝቡ ቢናገር ሀብቱ ነፃ ይወጣል፤ ግን የዚህች ሴት የመጨረሻ ተስፋ እንደ ስጥ ባደባባይ ይሰጣል። ልጁ ነገ በጉንፋን እንኳ ቢሞት «መቶ አለቃው ገደለው» ብለው ዕድሜ ልካቸውን ያለቅሳሉ። ባይናገር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ዶማ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ለማሰብ ጊዜ አልፈጀበትም።

«ግድ የለም እናቴ» አለ፣ ቆቡን ደፍቶ። «የተሰበረ ወፍጮ አለዎ?»

«ከበረቱ ጎን አለ። ምን ሊያደርግልህ?»

መቶ አለቃው ወጣ። «አበረ! ዶማውን ጣል። ያንን ወፍጮ ያዝልኝ።»

ሁለቱ ተጋግዘው፣ እያቃሰቱ፣ ያን የሚያህል ደንጊያ አምጥተው እክምሩ ላይ ጣሉት። ከዝሆን በቀር የሚያነሳው የለም። ይታያል ዞሮ ዞሮ አሸተተው፤ በእግሩ ቧጨረው፤ ተስፋ ሲቆርጥ ሄዶ ጥላ ሥር ተኛ። ሊቆፍር የመጣ ፖሊስ ደፍኖ ሲሄድ አገር ምን ይበል? ጉድ አለ።

«መቶ አለቃ!» አሉ ሐጂው፣ ወደ ወፍጮው እያመለከቱ። «የወንድሜ ልጅ እዚያ ሥር ነው!»

«የለም ሐጂ።»

«በምን አወቅህ?»

«አውቄያለሁ። ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሐመድሰዒድን ካላገኘሁልዎ፣ ይህን ወፍጮ በእጄ አነሳና እቆፍራለሁ። ሀብቱን እስከዚያ አስሬ እወስደዋለሁ።»

ሀብቱ ይህን ሲሰማ ወደ እናቱ ዞረ። እናቱ ራሳቸውን ነቀነቁለት። እጁን ለካቴናው ራሱ ዘረጋ።

መንገድ ላይ አበረ አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ ወፍጮው ሥር ምን አለ?»

«የመንግሥት ምስጢር» አለ መቶ አለቃው፣ ወደ ፊት እየተራመደ።

እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ መቶ አለቃው የሻረግን ከደጇ አገኛት። አበረ ከኋላው ነው። ምስጢሩን ሳያወጣ ጆሮዋን ሊፈትን ነው የመጣው፤ የሴትዮዋ ምስክርነት በራሷ አንደበት ካልተሰበረ ሀብቱ አይወጣም።

«የሻረግ፣ የሰማሽውን እንደገና በይልኝ። ቀስ ብለሽ።»

«እንግዳ ልጁን ቀብሬዋለሁ።»

«ዳ ነው? ዴ ሊሆን አይችልም?»

የሻረግ ፊቷ ቀላ። «ዴ? ዴ የሚባል አማርኛ አለ እንዴ? እኔ እንጃ ጌታዬ። እሜቴ ጥርስ የላቸው፤ እኔ አጥር ውጭ ነኝ… ምን ሆኗል?»

«የሰማሽው ሌላ ነው። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

የሻረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ፣ አፍራም ደስ ብሏትም፣ ሳቀች። «ወይ ጉዴ! እንግዲያ እንየው እውነቱን ነበራ! ሐሙስ ለት ሮጬ ሄጄ ስነግረው ‹ሂጂ ወዲያ፤ ምን ሲያደርግ እዚያ ይገኛል!› ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ አላመንሁትም። ብቻ ሰው አማሁ!»

መቶ አለቃው አብሯት ሊስቅ የከፈተውን አፍ ቀስ ብሎ ዘጋ።

ሐሙስ። በቅሎይቱ ከተማ ሳትገባ፤ ልጁ መጥፋቱን ማንም ሳያውቅ። ጎረቤትህ ሰው ገድሎ ጓሮው ቀበረ ስትባል ትደነግጣለህ፣ ወይም ሚስትህን ‹አብደሻል› ትላለህ፣ ወይም ዱላህን ይዘህ ትወጣለህ። ‹እዚያ አይገኝም› ብሎ የሚስቅ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ነው። ያው ሰው ቅዳሜ፣ ሕዝብ ሲሰበሰብ፣ ‹ይቆፈር› እያለ ይጮኻል።

«የሻረግ» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ያን ጊዜ እንየውን የት አገኘሽው?»

«እደጃችን ላይ። ከጫካ ገና መግባቱ ነበር። ማለዳ እንጨት ቆርጬ እመጣለሁ ብሎ ወደ ዘንገና ሐይቅ ወርዶ ነው።»

«እንጨት አመጣ?»

የሻረግ መልስ ልትሰጥ ቃጣትና ተወችው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ አበረ እንኳ አየ። «አላመጣም» አለች።

እንየው ሰንበት ነው ሳይል አውድማ ላይ ገብስ ያዘራል። ሲያያቸው መንሹን ተደገፈና ፈገግ አለ። «ደህና ዋላችሁ! ልትቆፍሩ መጣችሁ?»

«የት እንደምቆፍር እንድትነግረኝ ነው የመጣሁት» አለ መቶ አለቃው።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሐሙስ ከአጥሬ አልወጣሁም ብለሃል። ሚስትህ ደግሞ ከጫካ ስትገባ አግኝታሃለች።»

«ሴት ቀን ይምታታባታል።»

«እሺ፣ ይምታታባት። ሰው በሀብቱ ጓሮ ተቀበረ ስትልህ ምን ብለህ ሳቅህ?»

እንየው መንሹን አጥብቆ ያዘ። «ወሬ ነዋ! ወሬ ያስቃል!»

«ቅዳሜ ያው ወሬ አላሳቀህም። ‹ይቆፈር› ነበር ያልኸው። ሐሙስ የሳቅኸው ሙሐመድሰዒድ እዚያ እንደሌለ ስላወቅህ ነው። ቅዳሜ የጮኽኸው ሌላ ሰው ቢሰቀልልህ ብለህ ነው። አየህ፣ ሁለቱንም አውቄልሃለሁ። አሁን የቀረን ቦታው ብቻ ነው።»

«ምን ማስረጃ አለህ? ወሬ ማስረጃ ሆነ?»

ከኋላቸው የእግር ኮቴ ተሰማ። የሻረግ ናት። ቤቷ ገብታ ወጥታለች። በሁለት እጇ የገብስ እብቅ የለበሰ ጣቃ አቡጀዲ ታቅፋለች።

«ጎተራውን አትንኪ ያልኸኝ ለዚህ ነው?» አለች። አልጮኸችም። አቡጀዲውን አውድማው ላይ፣ እግሩ ሥር ጣለችው። «ሀብቱ ነው ያልሁት። ጣቢያ ድረስ በእግሬ ሄጄ የመሰከርሁት በሀብቱ ነው! ከአንተ ጋር አንድ መሶብ እየበላሁ!»

እንየው ሚስቱን አየ፤ አቡጀዲውን አየ። ከዚያ ከመንሹ ላይ ተንሸራትቶ ገለባው ላይ ተቀመጠ። «ልመታው አልነበረም» አለ። «በቅሎዋን ውኃ ሊያጠጣ ወረደ። ጨርቁን ልነጥቀው ብዬ ነው… አልለቅም አለኝ።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው» አለ መቶ አለቃው። «ተነሥ። አሳየኝ።»

ሙሐመድሰዒድን ከሐይቁ በላይ ባለው ጫካ፣ የተቆረጠ ቅጠል ተሸፍኖ አገኙት። መቶ አለቃው ፊቱን በራሱ ኮት ሸፈነውና ለሐጂው መልእክተኛ ሰደደ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ግን በዚህ ለመኩራት ልቡ አልፈቀደለትም።

ጣቢያ ሲመለስ ካቴናውን ራሱ ፈታ። «ሂድ ሀብቱ። ቤትህ የሚጠብቁህ አሉ» አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ጨመረ።

ሀብቱ አመሰገነ። የእጁን አንጓ እያሻሸ ትንሽ ቆመ። «እንግዳዬ የት ነው የሚቀበረው?» አለ።

መቃብሩ ከከተማው ዳር፣ ከቁጥቋጦው ወዲያ ነው። ወንዶቹ ገና አፈሩን እየጀመሩ ነበር። ሀብቱን ሲያዩ ዶማቸውን አቆሙ። ሐጂ ዓብዱልሀሚድ ከቃሬዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩት፤ ትናንት የረገሙት ሰው መሆኑን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ ቃሬዛው መለሱ።

«ሐጂ» አለ ሀብቱ። «ቤቴ ነው ያደረው። ራቱን ሲበላ አጫውቶናል። እንግዳ ደግሞ እስከ ወንዙ ይሸኛል፤ የአባቴ ወግ ነው። ሐሙስ ግን ቤቴ ያላስወጣኝ ጉዳይ ነበረና ከበር ላይ ሆኜ ‹በሰላም ግባ› ብዬ ተመለስሁ። ሸኝቼው ቢሆን ኖሮ ሁለት ወንድ ነበርን። ማንም አይደፍረንም ነበር።» እንባው መጣ፤ አልደበቀውም። «አሁን ልሸኘው።»

ሐጂው ተነሡ። ከአንዱ ጎረምሳ እጅ ዶማውን ወሰዱና ለሀብቱ ሰጡት።

«ጥልቅ አድርገው፣ ልጄ» አሉ። «አውሬ እንዳይደርስበት።»

ሀብቱ ጋቢውን አውልቆ አብሮት ለመጣው መቶ አለቃ አስያዘውና መቆፈር ጀመረ።